እንዶድና የምሁር ዕዳ
ስለ ዶክቶር አክሊሉ ለማ የምርምር ሕይወት በየካ አባዶ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር



ለዛሬው ስብሰባ እንድናዘጋጅ የተሰጠን ርእስ የአንድ የባዮኬሚስትሪና የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሶር የትምህርት ሕይወት ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ ነበር። በርእሱ ላይ ስንመካከር በሩቅ አገር የኖረ ሰው ታሪክ ተርጉሞ ማቅረቡ ቀላል ሆኖ አገኘነው፤ ጥቅሙ ግን አነስተኛ መሰለን። ስለዚህ ከራሳችን ቤት ዶክቶር አክሊሉ ለማን መረጥን። እርግጥ ነው፥ የሳቸው ወንበር የባዮኬሚስትሪም የፋርማኮሎጂም አልነበረም፤ የሙያቸው መጠሪያ ፓቶባዮሎጂ፥ ማለት የበሽታን ሥርና መንገድ የሚመረምረው ትምህርት ነው። ዳሩ ግን ያገኙት ነገር በባዮኬሚስትሪ በር ከገባ በኋላ፥ በፋርማኮሎጂና በመርዝ ምርመራ በር ላይ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ደጅ ጠንቷል። የነዚህ ሁለት ትምህርቶች ኀይልና ችግር በአገራችን ከዚህ ታሪክ በበለጠ የታየበት ቦታ አናውቅም።

አስቀድመን አንድ ነገር እናሳስባለን። ይህ ንግግር ውዳሴ ብቻ እንዲሆን አልፈለግንም። ታላቅ ሰው ነበሩ ብሎ አጨብጭቦ መበተን ለተማሪ አይበቃውም። አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር እውነት የሆነ ነገር ሲያገኝ፥ ያ እውነት እንዲታመን ምን ያስፈልገዋል? የሚያምነውስ ማን ነው? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ዶክቶር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1964 የዶክቶርነት ማዕረግ አገኙ፤ በዚያው ዓመትም በአገራቸው በሥራ ላይ ነበሩ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የያዙት ጕዳይ ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ ነበር።

በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ የባዮሎጂ ተማሪዎች ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ግን በአጭሩ እንናገር። ትሉ በሰው ደም ሥር ውስጥ ወንድና ሴት ሆኖ ተጣምሮ ለዓመታት ይኖራል። እንቍላሉ ከሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወጥቶ ወንዝ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ጥቃቅን ፍጥረት በሕይወት ለመቈየት ወደ አንድ ዐይነት የውሃ ቀንድ አውጣ መግባት አለበት። በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ እጅግ በዝቶ ከወጣ በኋላ፥ ልብስ የምታጥበውን፥ ውሃ የሚቀዳውን፥ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ሰውን በመድኃኒት ማከም፥ ሽንት ቤት መሥራትና ንጹሕ ውሃ ማቅረብ፥ ወይም ቀንድ አውጣውን መግደል ያስፈልጋል ማለት ነው። በ1960ዎቹ የነበሩት መድኃኒቶች ለበሽተኛው ራሱ የሚያስፈሩ ነበሩ፤ ለየመንደሩ ንጹሕ ውሃ ማድረስ ደግሞ የብዙ ዓመት ሥራ ነበር። የቀረው ቀንድ አውጣው ነው። ለሱም የሚሆን ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ከአውሮፓ ይገዛ ነበር።

ዶክቶር አክሊሉ በ1964 በዐድዋ የወንዞቹን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፥ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከማጠቢያው በላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ጨምሪልኝ ብለው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እንዶድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ዛሬ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለምንኖረው ልጆች የልብስ ሳሙና ከታች ካለው ሱቅ በከረጢት የሚገዛ ነገር ነው። አያቶቻችን ግን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡት የእንዶድ ፍሬ አድርቀው፥ ወቅጠው፥ በውሃ ዘፍዝፈው ነበር። በዚያ ወንዝ ዳር ብዙ ሰው አልፏል፤ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ያየም አይጠፋም። ልዩነቱ ዶክቶር አክሊሉ ያዩትን ነገር ወደ ጥያቄ ለወጡት፤ ከዚያም በፊት አጣቢዎቹን ለማነጋገር አልናቁም። የተማረ ሰው ወንዝ ወርዶ አጣቢን መጠየቁ ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር፤ ለዛሬም ቢሆን ብዙ አልተለመደም።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ይህ በትምህርት ሕይወታቸው ትልቁ ሥራ እንደ ሆነ እናምናለን፤ ምክንያቱም አንድ ግኝት ከአንድ ሰው ጋር እንዳይሞት የሚያደርገው ተቋም ነው። በተቋሙ ውስጥ የእንዶድ ነገር ብቻ አልተጠናም። ለምሳሌ በደጋው ሕዝባችን ፊት ላይ ጠባሳ የሚተወው ቁንጭር በምን ዐይነት የአሸዋ ዝንብ እንደሚተላለፍ ዶክቶር አክሊሉና ጓደኞቻቸው መርምረው ጥናታቸውን በ1969 አሳትመዋል።

ከተቋሙ ሰዎች መካከል የዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን ስም ሳያነሡ ማለፍ በደል ነው። የእንዶድ ሥራ ከቤተ ሙከራ ወደ እርሻ እንዲወጣ የደከሙ እሳቸው ናቸው። እንዶድ ወንዱና ሴቱ በየተለያየ ግንድ የሚበቅል ቊጥቋጦ ነው፤ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ነው። የአንዱ አገር እንዶድ ከሌላው አገር እንዶድ በኀይሉም፥ በፍሬው ብዛትም፥ ተባይን በመቋቋሙም ይለያያል። ከልዩ ልዩ ቦታ ተሰብስበው ጐን ለጐን ከተተከሉት ዐይነቶች መካከል «ዐይነት 44» የተባለው ተመርጦ ወጣ። አንድን ተክል መድኃኒት ለማድረግ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚጠይቅ የአትክልተኛ ሥራ እንዳለበት ብዙዎቻችን እንዘነጋለን።

አሁን ወደ ባዮኬሚስትሪው እንምጣ። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ነገር ስላለበት ነው። ሳፖኒን አንድ ወገኑ ቅባት የሚወድ፥ ሌላው ወገኑ ስኳር የተንጠለጠለበትና ውሃ የሚወድ ሞለኪውል ነው። ቆሻሻውን ከልብሱ የሚያላቅቀው ይኸው ባሕርዩ ነው፤ የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሰውም ይኸው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ ገዳዩን ሳፖኒን ከፍሬው ለይተው አወጡት። ስሙንም በዶክቶር አክሊሉ አባት ስም «ለማቶክሲን» አሉት። ኢትዮጵያዊ ስም በኬሚስትሪ መዝገብ ላይ እንዲህ ገባ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ከዚያ በኋላ በስዊስ አገር በሆስቴትማን ቤተ ሙከራ የተገለጸው ነገር ነው። በደረቁ ፍሬ ውስጥ ብዙው ሳፖኒን ስኳሩን በሁለት ወገን ተሸክሞ ይገኛል፤ በዚህ መልኩ ቀንድ አውጣን ለመግደል እምብዛም ኀይል የለውም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ይነሣና በአንደኛው ወገን ያለውን ስኳር ይቈርጠዋል። ገዳዩ ሳፖኒን የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ኬሚስቱ እንደ ልማዱ ፍሬውን በአልኮል ቢያወጣው ኤንዛይሙ ሥራ ይፈታል፤ በጠርሙሱ የሚቀረውም ደካማው ሳፖኒን ይሆናል። እንግዲህ የዐድዋ አጣቢዎች ወቅጠው በውሃ በመዘፍዘፋቸው፥ ስሙን ሳያውቁት፥ ትክክለኛውን የባዮኬሚስትሪ ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ይህ የባሕል ዕውቀት ሁሉ ትክክል ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ዕውቀቱን የሚመረምር ሰው የተክሉን ስም ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም፥ መዘፍዘፊያውንም፥ ጊዜውንም መጻፍ እንዳለበት ያስተምረናል።

የቤተ ሙከራው ውጤት በወንዝ መፈተን ነበረበት። በዐድዋ ከተማ ለአምስት ዓመታት ያህል የወንዞቹ ውሃ በእንዶድ ሲታከም ከቈየ በኋላ፥ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትልቅ ሰው ትሉን ከዱሮ ጀምሮ ተሸክሞት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ላይ የሚገኘው ግን አዲስ የተያዘው ነው። ስለዚህ የሕፃናቱ ቍጥር መውረዱ መተላለፊያው መቀነሱን ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። አላለቀም። የዓለም የጤና ድርጅትና ገንዘብ ያላቸው መንግሥታት እንዶድን በሰፊው ለመጠቀም ፈቃደኞች አልሆኑም። የቀረበው ምክንያት የመርዝነቱ ምርመራ ዓለም አቀፍ ደንብን በሚከተል ቤተ ሙከራ አልተደረገም የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በአገራችን አልነበረም፤ በውጭ አገር ለማስመርመር ደግሞ የድኻ አገር ዩኒቨርሲቲ የማይችለው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። አንድ ትልቅ የመድኃኒት ፋብሪካ ለራሱ ሸቀጥ ይህን ወጪ ይችለዋል፤ በኋላ ሸጦ ያገኘዋልና። በየአጥሩ ስር የሚበቅል ቊጥቋጦ ግን ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ነገር ደግሞ ወጪውን የሚችልለት አያገኝም።

በዚህ ላይ በመካከላችን ሁለት ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ከኛ አንዳንዶቹ ይህ ንቀት ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ ዕውቀት ስለ ሆነ ብቻ ተገፋ አሉ። ዶክቶር አክሊሉም ራሳቸው በአፍሪካ ምሁራን ላይ ያለው አለመተማመን ትልቅ እንቅፋት መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። ሌሎቻችን ደግሞ፥ ሰው በሚጠጣው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር በጥብቅ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ አረፋው ዐይንን ይቈጠቍጣል፤ «ከጥንት ጀምሮ ስንጠቀምበት ኖረናል» ማለት ደግሞ ማስረጃ አይሆንም አልን። ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው፦ ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ፍርዱ ግን ተጓደለ። ምርመራ ጠይቆ፥ መመርመሪያውን ከልክሎ፥ አልተመረመረም ብሎ መዝጋት የሳይንስ ሥራ አይደለም። የፋርማኮሎጂ ተማሪዎች ልብ በሉ፤ የመጠን፥ የመርዝነትና የደኅንነት ጥያቄ የግኝት ጠላት አይደለም፤ ጠላቱ ያንን ጥያቄ በራስ አገር ለመመለስ አለመቻል ነው።

ዶክቶር አክሊሉ በዚህ አልተቀመጡም። በኋላ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ገብተው፥ በኢጣልያ በፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጕዳይ ማዕከል ምክትል ዲሬክተር እስከ መሆን ሲደርሱ እንዶድን አልተዉትም። በ1983 በዛምቢያ በሉሳካ፥ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ስለ እንዶድ ተሰብስበው ተመካከሩ። በመጨረሻም በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ርዳታ ደንቡ የሚጠይቀው የመርዝ ምርመራ ተደረገ፤ ውጤቱም እንዶድ ለዚህ ሥራ ከሚገዛው ኬሚካል የከፋ እንዳልሆነ አሳየ። በ1989 ዶክቶር አክሊሉና ዶክቶር ለገሠ በስዊድን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን፥ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ዐብረው ተቀበሉ። በ1964 የታየው ነገር በ1989 ተሸለመ። ሃያ አምስት ዓመት!

በዚያ ሃያ አምስት ዓመት ዓለም አልቆመችም። በጀርመን አገር ፕራዚኳንቴል የተባለ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኝቶ ተስፋፋ፤ ዛሬም በአገራችን ትምህርት ቤቶች ለልጆች የሚታደለው እሱ ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ልንክደው አይገባም። ሆኖም የታከመው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2017 ቀንድ አውጣ ማጥፊያ በመስክ ስለሚሠራበት መንገድ መመሪያ አውጥቷል። የተመከረው ኬሚካል ግን ኒክሎሳማይድ ነው፤ ዛሬም ከውጭ ይገዛል።

አንድ ነገር እንጨምር። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የሜዳ አህያ የመሰለ ዥንጕርጕር የሆነ ባለ ዛጎል ፍጥረት ተራብቶ የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ መድፈን ጀመረ። ዶክቶር አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ ከሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክቶርነት ሲቀበሉ ነገሩን ሰምተው፥ እንዶድ ለቀንድ አውጣ ከሠራ ለዚህም ሊሠራ ይችላል አሉ። ተሞከረ፤ ሠራም። በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ፤ ዶክቶር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ መካከል ስማቸው አለ። የባለ ፋብሪካዎች ቧንቧ ሲደፈን እንዶድ ወዲያው ሰሚ አገኘ፤ የዐድዋ ሕፃናት ሆድ ሲነፋ ግን ሃያ ዓመት ጠበቀ። የወቀጡትና የዘፈዘፉት ሴቶች ስም ደግሞ በየትኛውም መዝገብ የለም።

ከሌላ አገር ጋር ብናስተያየው ነገሩ የበለጠ ይገለጻል። በቻይና ቱ ዩዩ የተባሉ የመድኃኒት ሊቅ በ1969 ለወባ መድኃኒት የሚፈልግ ቡድን እንዲመሩ ታዘዙ። የጥንት መጽሐፍ ሲመረምሩ ተክሉ ሳይፈላ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚዘፈዘፍ አነበቡ፤ ሙቀት ኀይሉን እንደሚያጠፋው ጠርጥረው በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጡት፤ አርቴሚሲኒን ተገኘ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። የሁለቱ ታሪክ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ቍልፉ ያለው በተክሉ ስም ሳይሆን በአሠራሩ ነበር። በአንድ ነገር ደግሞ ይለያያል፤ ከቱ ዩዩ በስተ ኋላ መንግሥት፥ ቤተ ሙከራና ሆስፒታል ተሰልፎ ነበር። ከዶክቶር አክሊሉ በስተ ኋላ አንድ ወጣት ተቋምና ጥቂት ጓደኞች ነበሩ። ብልኀት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ደጀን ነው።

ዶክቶር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። ተቋማቸው በስማቸው ተጠርቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሠራል። ስም ማውረሱ መልካም ነው፤ ዕዳውንም መውረስ ግን የኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ከኛ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፍ የባሕል መድኃኒት የሚያጠና ሁሉ የተክሉን ስም ብቻ ጽፎ አያቁም። ማን፥ በየትኛው ወር፥ የትኛውን ክፍል ቈርጦ፥ በምን ውስጥ፥ ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዝፈው ይጻፍ። የእንዶድ ምስጢር የተገኘው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፤ የነገሩንን ሰዎች ስም፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ በጽሑፋችን እናስገባ፤ ውጤቱንም በሚገባቸው ቋንቋ መልሰን እንንገራቸው። በጓሮዋ ያለውን ያሳየችን እናት ያገኘነውን የመስማት መብት አላት።

ሦስተኛ፤ መምህሮቻችን ሆይ፥ የመርዝ ምርመራ ደንብን፥ የመዝገብ አያያዝንና የናሙና ጥበቃን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አስተምሩን። «ምርመራችሁ ደንብ አይከተልም» የሚለው ቃል ለሁለተኛ ጊዜ በር እንዳይዘጋብን፥ ደንቡን ከማንም አስቀድመን የምናውቀው እኛ እንሁን።

አራተኛ፤ ማኅበራችን በየመንፈቁ አንድ ቀን፥ ተማሪዎች ያልተሳካላቸውንም ሙከራ ጭምር የሚያቀርቡበት ስብሰባ ያድርግ። በአልኮል ወጥቶ ደካማ ሆኖ የተገኘ እንዶድ ውድቀት ይመስላል፤ በትክክል የተጻፈ እንደ ሆነ ግን የኤንዛይሙን መኖር የሚጠቁም ምልክት ነው።

እነዚህ ሥራዎች ትልቅ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ደብተር፥ ጥንቃቄና አለመናቅ ይጠይቃሉ። ቤተ ሙከራውን በተመለከተ ደግሞ፥ ጥያቄያችንን በጽሑፍ አዘጋጅተን ለሚመለከታቸው ክፍሎች ለማቅረብ ፊርማ የምናሰባስብበት ወረቀት በበሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ስትወጡ እንድትፈርሙ በትሕትና እንለምናለን።